አባቴን የመሰለው ሰውዬ

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን የማውቀው ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የከሰዓቱን ደወል ሲደውል የጎረቤቱ ፖሊስ ጣቢያ ሃምሳ አለቃ የፍራሽ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስለነበር ነው። ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ስር ሸጎጠና፣

"እናንተ ሰዎች፣ አራት ወንድ አውሱኝ" አለ።

ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴ ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ስለነበረች ከትምህርት ቤት ስወጣ የምውለው አባቴ የሚሠራበት ፍራሽ ቤት ነበር፤ ያልተፈታ የጥጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ጥጥ ሲፈታ አየሩ ይነጣል። በመስኮቱ የምትገባዋ ፀሐይ የምትዳሰስ ትመስላለች። ሠራተኞቹ ጠዋት ጥቁር ፀጉር ይዘው ይገቡና ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ሆነው ይገኛሉ፤ ቅንድባቸው ነጭ፣ ሽፋሽፍታቸው ነጭ። አባቴ ወፍራም ጺም ስለነበረው ጥጡ ከሁሉ ይልቅ እሱ ላይ ያርፍ ነበር። ረጅሙን የፍራሽ መስፊያ መርፌ ቀኑን ሙሉ ከከንፈሩ አይለየውም። ሲያወራም መርፌውን ሳያወጣ በአፉ ግራ ጥግ ነው። የአባቴን ድምፅ የማውቀው እንደዚያ ነው፤ ጠባብ፣ ዝቅ ያለ፣ ከጥግ የሚወጣ። "ጥጤ" ይለኛል በዚያ ድምፅ። "ጥጤ፣ ከመርፌው ራቂ።"

ፖሊስ ጣቢያውና ፍራሽ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ፖሊሶቹ የያዙትን ሰው ለምስክር ሲያሳዩ ብቻውን አያቆሙትም፤ ሌሎች ሰዎች አብረውት ይሰለፉና ምስክሩ ከመሃላቸው ለይቶ ያወጣል። ሌሎቹን ሰዎች ደግሞ ከየትም ማምጣት አለባቸው። የሚቀርበው ፍራሽ ቤቱ ነው። ሃምሳ አለቃው ሲመጣ የተጠሩት ተነስተው ቧንቧው ጋ ሄደው ጥጡን ከፊታቸው ያጥባሉ፣ እጅጌያቸውን ያወርዳሉ፣ ይሄዳሉ። ሲጨርሱ ጣቢያው ሻይና ዳቦ ይጋብዛቸዋል። አባቴ ከዳቦው ግማሹን በኪሱ ያመጣልኝ ነበር። ጥጡን ጠርጌ እበላዋለሁ።

"ዛሬስ ምን ሰርቀን ነው?" አለ ሸምበቆ። ሸምበቆ የአባቴ የቅርብ ጓደኛ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቁመቱ ነው። ቆጡ ላይ ያለውን ጥጥ ያለ መሰላል ያወርዳል።

"አንተን አልፈልግም። የዛሬው ሰው መካከለኛ ነው። አንተን ባቆምህ ምስክሯ ሌላውን ትታ አንተን ስታንጋጥጥ ትውላለች።"

"ቁመቴ ዳቦ አስቀረብኝ በለኛ።"

"አንተ ግን ና" አለው አባቴን። "ያንተ ፊት ለሁሉም ይሆናል።"

ሁሉም ሳቁ። አባቴም መርፌውን ፍራሹ ላይ ሰካና እየሳቀ ተነሳ። እኔ አልሳቅኩም። ለሁሉም የሚሆን ፊት ምን ዓይነት እንደሆነ እያሰብኩ ነበር። አንድ ኮት ለወንድማማቾች ሁሉ እንደሚሆነው ነው?

ከጥጥ ጆንያዎቹ ኋላ፣ በጋራው ግድግዳ ላይ፣ ድሮ ቧንቧ ያለፈበት ቀዳዳ አለ። ዓይኔን አስጠጋሁ። የጣቢያው ግቢ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አምስት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ደረታቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይዘዋል። አባቴ አራተኛ ነው። ፊቱን ታጥቦ፣ መርፌ ሳይኖረው፣ ዝም ብሎ ፊት ለፊት ያያል።

ከዚያ ጥቁር የለበሰች ሴት ገባች።

ቀስ ብላ ሄደች። ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ አይሰማም። እያንዳንዱ ሰው ፊት ትቆምና አንገቷን አስግጋ በጣም ትጠጋለች፤ የምታይ ሳይሆን የምታሸት ትመስል ነበር። አባቴ ጋ ስትደርስ ቆየች። አልፋ ሄደች። ተመለሰች። እጇን ወደ ፊቱ አነሳችና ሳትነካው አየር ላይ አቆመችው፤ ሰው ትኩስ ነገር መሆኑን ሲሞክር እንደሚያደርገው። አባቴ ዓይኑን አልሰበረም። እንዲያ ነው የሚታዘዙት።

"አላውቅም" አለች በመጨረሻ። "የለም። አላውቅም።"

አባቴ ዳቦውን ሲያመጣልኝ ጠየቅኩት።

"ሴትየዋ ማንን ነው የምትፈልገው?"

"አንድ ሰው ጠፍቶባት ነው" አለኝ፣ መርፌውን መልሶ ከንፈሩ ላይ እያደረገ።

"አላገኘችውም?"

"አላገኘችውም።"

የሴትየዋ ባል ቤቱ ውስጥ ሲመሽ በብረት ተመትቶ ተገድሏል። ገዳዩን እሷ ያየችው ከኋላው መብራት እየበራ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ማክሰኞ የተጠረጠረው ልጅ ሁለተኛ ሆኖ ቆሞ የነበረው ነው፤ ስላልለየችው ማምሻውን ተለቀቀ። እሷ ግን ወደ ቤቷ የሄደችው አንድ ፊት ይዛ ነው። በጭለማ የታየ ፊት ቀን በቀን እየደበዘዘ ሲሄድ፣ በቀን ብርሃን ለረጅም ጊዜ ያየችው ፊት መጥቶ ቦታውን ያዘ። ሴትየዋ አልዋሸችም። በሕይወቷ እንደዚያ እርግጠኛ ሆና የተናገረችው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ሰልፍ የሆነው ከወር በኋላ ነው። ሃምሳ አለቃው ያን ሳምንት ለሥራ ሌላ ከተማ ተልኮ ስለነበር በር ላይ የቆመው ማናቸውንም የማያውቅ ወጣት መኮንን ነበር። ጨዋታ አያውቅም። በጣቱ አንተ፣ አንተ፣ አንተ ብሎ ሄደ። አዲስ ሰው ተይዞ ነበር። የተሰለፉትም ሌሎች ናቸው። በሁለቱም ቀን እዚያ ግድግዳ ስር የቆመ ሰው አባቴ ብቻ ነው።

ቀዳዳዬ ላይ ነበርኩ። ያችው ሴት ገባች። በዚህኛው ቀን አልዘገየችም። ከበሩ እስከ አባቴ በቀጥታ ሄዳ እጇን ትከሻው ላይ ጣለች።

"ይሄ ነው። ፊቱን አልረሳሁትም።"

አባቴ ሳቀ። እውነቱን ነው የሳቀው። ወደ መኮንኑ ዞሮ "እኔ እኮ የፍራሽ ቤቱ ነኝ" አለ። ሌላ ማንም አልሳቀም። መኮንኑ "ከየትም ና፣ ምስክር ለይታሃለች" ብሎ ክንዱን ያዘው። በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ያ ሳቅ ተነሳ፤ ሲለይ ምንም ጸጸት ያላሳየ፣ ይልቁንም የሳቀ፣ ተባለ።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ሴትየዋ የጠፋባትን አግኝታለች፤ ያገኘችውም ከሁሉ መርጣ የኔን አባት ነው። ወደ ሸምበቆ ሮጥኩ።

"አባዬን መረጠችው" አልኩት።

ሸምበቆ በሁለት እጁ ጥጥ እንደታቀፈ ወደኔ ዞረ። "ምን አልሽ?"

"ያቺ ሴትዮ። መጥታ ነካችው።"

ጥጡ ከእጁ ወደቀ። ጥጥ ሲወድቅ ድምፅ የለውም።

ማታ የወሰደችኝ እናቴ ናት። የአባቴ መርፌ ግማሽ የተሰፋ ፍራሽ ላይ ክሩን እንዳንጠለጠለ ተሰክቶ ቀረ።

አባቴ "እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር" ማለት ይወድ ነበር። የሴትየዋ ባል የተገደለ ዕለት የት እንደነበር ሲጠይቁት እውነቱን ተናገረ። ለአንድ ደንበኛ ፍራሽ ተሸክሞ ያደረሰው ከሴትየዋ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ብቻውን ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። እውነት ተናገረ፤ መሸበት፤ እዚያው አደረ።

ጉዳዩ ችሎት ከታየ በኋላ ባለው እሑድ ከሰዓት ሸምበቆ እቤት መጣ። እኔ አልጋው ላይ የተኛሁ መስዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬያለሁ።

"ለዳኛው ተናግሯል" አለ ሸምበቆ። "'ሴትየዋ ከዚህ በፊትም አይታኛለች፤ በመጀመሪያው ሰልፍ ቆሜ ነበር' ብሏል።"

"እና?"

"ማን ከማን ጋር እንደተሰለፈ አይመዘገብም አሉት። የተያዘው ሰው ስም ይጻፋል፣ የቀረው 'ሌሎች አራት ሰዎች' ነው። አብረውት የቆሙት ልጆች መሰከሩለት፤ 'ጓደኞቹ ናችሁ' ተባሉ። ሃምሳ አለቃው ተጠርቶ 'አላስታውስም' አለ።"

"አላስታውስም? በየሳምንቱ እየመጣ ሲወስዳቸው?"

"አላስታውስም ነው ያለው።"

እናቴ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ድምፁ ይሰማኛል፤ ተንበርክካ ወለል ስለምትጠርግ ጉልበቷን ያማት ነበር።

"ሴትየዋ ግን ለምን ትዋሻለች?" አለች። "ምን አድርገናታል?"

"አልዋሸችም። እኔ ዓይኗን አይቻለሁ ችሎት ላይ። እሷ አትዋሽም፣ እሱም አላደረገውም። ታዲያ ሌላ ምን ይሆናል? እሱን የሚመስል ሰው አለ።"

"የት ነው ያለው?"

"ከተማው ውስጥ ነዋ። የት ይሄዳል? ፊቱን ይዞ ይዞራል።"

ግድግዳው ላይ የተላጠ ቀለም ነበር። እሱን እያየሁ የፈለግኩትን ሁሉ አገኘሁ። የአባቴ ፊት ለሁሉም ይሆናል። አንድ ሰው ወስዶት እየዞረበት ነው። ያ ሰው ከተገኘ አባዬ ይመጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ማየት ጀመርኩ። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ፣ ገበያ ውስጥ፣ እናቴ እጄን ይዛኝ ስንሄድ። ያገኘሁት ግን ቁርጥራጭ ነው። ጺሙን ዳቦ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ላይ አየሁት። ጆሮውን የአውቶቡስ ረዳት አድርጎት ነበር። አረማመዱ ጎረቤታችን ካለው መጋዘን ዘበኛ ጋ ነው። አባቴ ከተማው ላይ ተበትኖ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው ከሱ ጥቂት ጥቂት ወስዶ እንዳላወቀ ሆኖ ያልፈኛል።

አንድ ቀን ሙሉውን አገኘሁት። ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሰው ከፊቴ ይሄድ ነበር፤ አባቴ እንደዚያ ያለ ሹራብ አለው። ተከተልኩት። የብረታ ብረት ሱቆቹን አለፈ፣ ወደ ጠባቡ መንገድ ገባ። እኔም ገባሁ። መንገዱ ላይ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም፤ ዶሮ እንኳ አልነበረም። ዞረ። የአባቴ ፊት ነው፤ ቅንድቡ፣ ጺሙ፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር። ውስጡ ግን ማንም አልነበረም። ዓይኑ ግድግዳ እንደሚያይ በላዬ አለፈ።

"ምን ፈለግሽ ሚጣ?" አለኝ፤ በሙሉ አፉ፣ ጥርሱ እየታየ።

ሮጥኩ። ጫማዬ አንዱ እዚያው ቀረ።

እናቴ ግን ያን ሳምንት በሙሉ ትኩሳት ይዞሽ ከአልጋ አልወረድሽም ትላለች። ጫማውንስ ስላት፣ ጫማ ጠፍቶብሽ አያውቅም ትለኛለች። ሁለቱንም አምናለሁ፤ እሷንም፣ ያየሁትንም።

ለአባቴ ሃያ ዓመት ተፈረደበት። እናቴ ይህን ለኔ የነገረችኝ "አባትሽ ትንሽ ይቆያል" ብላ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ፀጉሬን ጎንጉና፣ ያላትን ጥሩ ሽቶ አንገቴ ላይ አድርጋ፣ "አባትሽን ልናይ ነው" አለችኝ።

የወህኒ ቤቱ መጠየቂያ ረጅም ዳስ ነው። በእኛና በእነሱ መካከል ሁለት የሽቦ አጥር አለ፤ በሁለቱ መሃል ዘበኛ ይመላለሳል። ሁሉም ይጮኻል፤ ካልጮኹ አይሰማም። የልብስ ሳሙና፣ የላብና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ አለ። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው መጥቶ ሽቦውን ያዘ።

ራሱ ተላጭቷል። ጺም የለውም። አንገቱ ከሸሚዙ ውስጥ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ ይታያል። ቅንድቡ ጥቁር ነው። ቅንድቡን አየሁት፤ አንዲት የጥጥ ብጣሽ የለችበትም።

"ደህና ነሽ ልጄ?" አለኝ።

ድምፁ ከመሃል አፉ ነው የወጣው። ሰፊና ባዶ ድምፅ። ከጥግ አልነበረም። ጥርሱንም አየሁት፤ በጎን በኩል አንዱ የለም። የአባቴን ጥርስ አይቼ አላውቅም ነበር።

እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። እያለቀሰች ትስቃለች። አታለዋት ነበር።

"ሰላም በይው እንጂ።"

"ማነው?"

"አባትሽ ነዋ።"

"አይደለም።"

"ፀጉሩን ተላጭቶ ነው እኮ። ከስቶ ነው።"

"አይደለም። ያኛው ነው።"

በርግጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ፖሊሶቹ ይዘውታል ማለት ነው። ፊቱን ይዞ የሚዞረው ሰው እዚህ ታስሯል፤ አባዬ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ አንድ ሰው ሄዶ እስኪነግረው ብቻ ነው የሚጠብቀው። ወደ ሽቦው ተጠጋሁና፣

"የአባቴን ፊት መልስ" አልኩት።

አጠገባችን ልጇን እየጮኸች ታናግር የነበረች ሴት ወደኔ ዞረች።  ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ከኔ እኩል ሆነ። የሽቦው ጥላ ፊቱን ቆራርጦት ነበር።

"እሺ፣ እመልሳለሁ" አለ። "ግን ጊዜ ይፈጃል። ትጠብቂኛለሽ?"

"ለምን ወሰድከው?"

"እኔ አልወሰድኩም። ሰጥተውኝ ነው።"

"ማን ሰጠህ?"

ዘበኛውን ቀና ብሎ አየውና ፈገግ አለ። "ጎረቤቶቻችን።"

እናቴ እጄን ጨመቀችው። ስንወጣ መንገዱን በሙሉ አልለቀቀችውም። ካደግኩ በኋላ፣ ያን ቀን ጥጤ ለምን አላለኝም ብዬ ጠየቅኳት። "ጥጤ ካለ ያለቅሳል፤ እዚያ ደግሞ ማልቀስ አይፈቀድለትም ነበር፤ የሚያለቅስ ሰው ሌሎቹ ይበረቱበታል" አለችኝ።

እኔ ግን ያኔ የሚያስፈልገኝን ይዣለሁ። ሰውየው በራሱ አፍ አምኗል። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄድኩ። ሃምሳ አለቃው ግቢው ውስጥ ቧንቧ ጋ ጎንበስ ብሎ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ሲያየኝ ቀና አለ።

"ሰውየው አምኗል" አልኩት።

"የቱ ሰውዬ?"

"አባቴን የሚመስለው። ፊቱን ማን ሰጠህ ስለው ጎረቤቶቻችን አለኝ።"

ሳሙናው ከእጁ አሟልጮ ወለሉ ላይ ሄደ። አላነሳውም። ውኃው ይፈሳል።

"ማን ልኮሽ ነው?"

"ማንም።"

"እናትሽ ናት?"

"አይደለችም። እሷን አታለዋታል።"

"እና ምን አድርግ ነው የምትይኝ?"

"እሱን አስቀሩትና አባዬን ልቀቁት።"

ሃምሳ አለቃው ወደ ቢሮዎቹ ገላመጠ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ለኔ ሳይሆን ለቧንቧው የሚናገር ይመስል፣

"ያን ነገር እኔ ከተናገርኩ ከዚህ ግቢ የወጣው ሁሉ ይፈርሳል" አለ። "ገባሽ? ሁሉም ነው የሚፈርሰው።"

ቀና ብዬ ቤቱን አየሁት። ግድግዳው ጠንካራ ነበር። ጣሪያውም ደህና ነው። የሚፈርስበትን ቦታ ብፈልግ አጣሁት። አባቴ የቆመበትን ግድግዳም አየሁ፤ ሰዎች ጀርባቸውን የሚያስደግፉበት ቦታ በላብ ብዛት ጠቁሮ አምስት የሰው ቅርጽ ሠርቷል። ትከሻ፣ ራስ፣ ትከሻ፣ ራስ። አምስት ሰዎች ያለ ፊት ቆመው ያዩኝ ነበር።

"ወደ ቤት ሂጂ" አለኝ። "ብቻሽን እዚህ አትምጪ።"

ሃምሳ አለቃውን ከብዙ ዓመት በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። ምርኩዝ ይዟል፣ አንድ ዓይኑ ላይ ሞራ አለ። እሱ ጣቢያው ውስጥ በሠራበት ዘመን ሁሉ ሰልፉ የሚቆመው ከፍራሽ ቤቱ በመጡ በእነዚያው ሰዎች ነበር። የአንዱን ሰልፍ ስህተት ከተናገረ በእነዚያ ሰልፎች የተፈረደበት ሁሉ ጠበቃ ይዞ ይመጣል። ከመሃላቸው ደግሞ በእርግጥ ገዳዮች ነበሩ። "ለአንድ ሰው ብዬ ሁሉን ልፍታ?" አለኝ። የጠየቀኝ መልስ ፈልጎ ነበር፤ አልሰጠሁትም። ቀጥሎ፣ "ያን ቀን እናትሽ አስጠንታ የላከችሽ መስሎኝ ነበር" አለ። "ከዚያ ወዲያ እዚያ ግቢ ውስጥ ፊቴን መታጠብ አልቻልኩም።" በዚያው ወር ነው ዝውውር ጠይቆ የሄደው። ያስታውስ ነበር ማለት ነው።

ሰውየውን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አየሁት። እናቴ ትወስደኛለች፤ እኔ ዝም ብዬ እቆማለሁ። እሱም "ትንሽ ቀርቶኛል" ይለኛል አንዳንዴ። በየጊዜው እየሳሳ ሄደ። ሳል ነበረው። የጥጡ ብናኝ ከወህኒ ቤቱ እርጥብ ወለል ጋር ደረቱን በልቶት ነበር። እኔ ግን ፊቱ ከሱ ላይ እየለቀቀ ያለ መሰለኝ፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ዓይኑ ሲጎደጉድ፣ እየመለሰው ነው አልኩ። ቃሉን ጠባቂ ነው አልኩ።

ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ሞተ።

መቃብሩ ጋ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሸምበቆ ፊቱን ታጥቦ መጥቷል፤ ጆሮው ውስጥ ግን ጥጥ ቀርቷል። ሳጥኑ ቀላል ስለነበር ሦስት ሰው ብቻ ነው የተሸከመው። እናቴ አላለቀሰችም። የጽዳት ልብሷን እንደለበሰች ነበር፤ ከሥራ ላይ ነው ጠርተው ያመጧት። ቀሚሷን ሳብ አደረግኳት።

"ያ ሰውዬ ሞተ?"

የሰማ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሸምበቆ ፊቱን አዞረ። እናቴ ጎንበስ አለችልኝ።

"አዎ" አለች። "ያ ሰውዬ ሞተ።"

"እንግዲህ አባዬ ይመጣል።"

አይመጣም አላለችኝም። ለምን እንዳላለችኝ የጠየቅኳት ሴት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። "አንድ እንኳ እሱን የሚጠብቅ ሰው ይኑር ብዬ" አለችኝ።

እና ጠበቅኩት። መንገድ ላይ ኮቴ ሲሰማ ቀና እላለሁ። ቀና ስል እናቴም ቀና ብላ አገኛታለሁ። ሁለታችን እንተያይና ወደየሥራችን እንመለሳለን። አንድ ቀን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ እሷ ልብስ ስትተኩስ እኔ የቤት ሥራ እየሠራሁ፣ ከመስኮቱ ውጭ "ጥጤ" የሚል ሰማሁ። ጠባብ ነው፤ ዝቅ ያለ፤ ከአፍ ጥግ የወጣ።

የእናቴ እጅ ካውያው ላይ ቆመ።

"ሰማሽ?" አልኳት።

"ምኑን?"

ግን ካውያውን ሸሚዙ ላይ ትታ ሄዳ በሩን ከፈተች። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። በሩን ክፍት አድርጋ ቆየች፤ የምትተኩሰው ሸሚዝ እስኪቃጠል ድረስ።

መጠበቅ ያቆምኩበት ቀን የለም። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ፣ አንድ ጊዜ ኮቴ ሲሰማ ቀና ሳልል መቅረቴን አስተዋልኩ፤ ያኔ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሁሉንም አወቅኩ። ሽቦውን ይዞ የቆመው ማን እንደሆነ አወቅኩ። ሆኖም አንድ ነገር ውስጤ አልሞተም። ሴትየዋ አልዋሸችም፤ እሱም አላደረገውም። ስለዚህ የሚመስለው ሰው የሆነ ቦታ አለ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ሌላ ከተማ ውስጥ በሌላ ወንጀል የተያዘ አንድ ሰው ያደረገውን ሁሉ ሲዘረዝር የዚያችን ሴት ባልም ጠራ። ብረቱን የጣለበትን ጉድጓድ አሳየ፤ ብረቱም ተገኘ። የሚቀርብበትን ቀን ሸምበቆ ነው የነገረኝ። ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ፣ እስረኞች በሚያልፉበት በኩል፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።  እውነቱን ለመናገር፣ ገዳይ ለማየት አልነበረም የሄድኩት። ቤታችን ውስጥ የአባቴ ፎቶ የለም። ያ ፊት አርጅቶም ቢሆን፣ የሰው እጅ ላይም ቢሆን፣ በዚህ ኮሪደር ሊያልፍ ነው ብዬ ነበር። ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ነበር።

አመጡት። አጭር ሰው ነው። ፊቱ ሰፊና ቀይ፤ አፍንጫው የተደፈጠጠ፤ ዓይኖቹ የተራራቁ። ጆሮው ከራሱ ጋር የተጣበቀ። በጎን አየሁት፣ ሲያልፍ ከኋላ አየሁት፣ ሮጬ ቀድሜ እንደገና ከፊት አየሁት። አጃቢው "ዘወር በይ እህቴ" እስኪለኝ ድረስ አየሁት።

እቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር።

"ይመስለዋል?" አለችኝ።

"አይመስለውም።"

"ትንሽ እንኳ?"

"ትንሽም።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ለአባቴ አለቀስን፤ ለእሷ ሁለተኛዋ ነበር፣ ለእኔ የመጀመሪያዬ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በአባቴ ላይ የተሰጠው ፍርድ ተሻረ። ውሳኔውን ዳኛው በችሎት ያነበቡት ሌላውን ሁሉ በሚያነቡበት ድምፅ ነው፤ የመጨረሻው መስመር "በሌላ ወንጀል የማይፈለግ ከሆነ ዛሬውኑ ከእስር እንዲለቀቅ" ይላል። ትዕዛዙም ለወህኒ ቤቱ ተላከ።